በዲግሪ የሚለካ ድንበር፦ የወባ ትንኝ፣ ቅማልና የእከክ ተባይ በአየር ጠባይ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1958 ከጁን እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት (ከ1950 ዓ.ም ክረምት መግቢያ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም መሆኑ ነው) የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች ያዳረሰ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው ያረፈበት ምድር ስፋት ከ250,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ይደርስ ነበር። ፎንቴይን፣ ናጃርና ፕሪንስ የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት የታማሚዎችን ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን፣ የሟቾችን ቁጥር ደግሞ ወደ 150,000 ገምተውታል። በጊዜው በገጠር ሞትን የሚመዘግብ ሥርዓት ስላልነበረ አኃዙ ግምት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ይሁን እንጂ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ ወረርሽኙ በአገራችን የሕክምና ታሪክ ከታወቁት ታላላቅ አደጋዎች ተርታ መቆሙ አይቀርም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስገርመው ቦታው ነው። ወባ፣ ማለትም አባቶቻችን ንዳድ ሲሉት የኖሩት በሽታ፣ የቆላ በሽታ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ደገኛው ገበሬ ወደ ቆላ ወርዶ ያርሳል፣ ያጭዳል፤ ሲመሽ ግን ወደ ከፍታው ተመልሶ ያድራል። ስለ ትንኝ የነገረው አልነበረም፤ የሚያሳምመው የቆላው አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ምክንያቱን ቢስትም መፍትሔውን አልሳተም፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው በሌሊት ነውና። የ1958ቱ ወረርሽኝ ግን ሰው ቆላ ስለወረደ ብቻ የያዘው አልነበረም። በሽታው ራሱ ሽቅብ ወጥቶ ደገኛውን ከነቤተሰቡ በገዛ ጎጆው ውስጥ አገኘው።

ለመሆኑ በሽታውን ለብዙ ትውልድ ከታች አግዶት የኖረው ድንበር ምን ነበር? በአንድ ክረምትስ እንዴት ሊጣስ ቻለ? መልሱ የሚገኘው ሙቀት በነፍሳት ሕይወት ላይ ስላለው ሥልጣን ሳይንስ ቀስ በቀስ በደረሰበት እውቀት ውስጥ ነው። ነገሩን ከትንኝ ጀምረን ወደ ቅማልና ወደ እከክ ተባይ ስንሻገር ደግሞ፣ ቅዝቃዜ ከአንዱ በሽታ የጠበቀውን ሕዝብ ለሌላው አሳልፎ ሲሰጥ እናያለን።

ሙቀት እንደ ሰዓት

ሰው ውጭው ቢበርድም ቢሞቅም የሰውነቱን ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጠብቃል። ነፍሳት በአብዛኛው ይህ ችሎታ የላቸውም። የሰውነታቸው ሙቀት የአካባቢያቸው ሙቀት ነው፤ ስለዚህም የጠጡት ደም መፈጨቱ፣ የእንቁላላቸው መብሰል፣ የእጫቸው እድገት ሁሉ እንደ አየሩ ሙቀት ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ይህን በሙከራ ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ሬኦሚር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1734 ጀምሮ ባሳተመው ስለ ነፍሳት የሚተርክ ባለ ብዙ ቅጽ ሥራው፣ ወደ ቢራቢሮነት በመለወጥ ላይ የነበሩ ነፍሳትን ከፊሉን በሞቀ ቤት፣ ከፊሉን በቀዝቃዛ ምድር ቤት አስቀምጦ የተመለከተውን ጽፏል። የሞቃቸው ከወቅታቸው ቀድመው ክንፍ አውጥተው ወጡ፤ የበረዳቸው እጅግ ዘገዩ። በ1735 ደግሞ ስለ አዝርዕት ሲጽፍ፣ ሰብል እንዲደርስ የሚያስፈልገው የቀናት ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀናቱ ውስጥ የተጠራቀመው የሙቀት ድምር መሆኑን አመለከተ። ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ፍሬው ብዙ ነው፤ ለነፍሳት አንድ ቀን ሁልጊዜ አንድ ቀን አይደለም ማለት ነውና። የሞቃት ቀን ርዝመት በእነርሱ ሰዓት ከቀዝቃዛው ቀን ይበልጣል።

ይህ ሐሳብ ወደ ሕክምና እስኪገባ ከአንድ ምዕት ዓመት ተኩል በላይ ወስዷል። ሮናልድ ሮስ በኦገስት 1897 ሕንድ ውስጥ ሴከንደራባድ ላይ የወባን ተሕዋስ በትንኝ የጨጓራ ግድግዳ ላይ አየ። በ1898 ግራሲና ጣሊያናውያን ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው ትንኝ መሆኗን አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ፣ ትንኟ የታማሚውን ደም ከጠጣችበት ሰዓት አንሥቶ ሌላ ሰው ለመበከል እስከምትበቃበት ድረስ ስንት ቀን ያልፋል የሚል ነበር። ተሕዋሱ ከጨጓራዋ ተነሥቶ፣ ተባዝቶ፣ እስከ ምራቅ ዕጢዋ መድረስ አለበት። በሰው ደም ውስጥ ሳለ በ37 ዲግሪ የሚኖረው ይህ ተሕዋስ፣ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ግን ለውጭው አየር የተጋለጠ ስደተኛ ነው።

የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች ኒኮላየቭና ሞሽኮቭስኪ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በዚህ ላይ የደረሱበትን ስሌት ታቲያና ዴቲኖቫ የዓለም የጤና ድርጅት በ1962 ባሳተመው መጽሐፏ ለዓለም አስተዋወቀችው። በስሌቱ መሠረት ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ከ16 ዲግሪ በታች በትንኝ ውስጥ አያድግም። ከ16 በላይ ያለው የየዕለቱ ሙቀት ተደምሮ 111 ሲሞላ እድገቱ ይጠናቀቃል። የአየሩ አማካይ ሙቀት 25 ዲግሪ ከሆነ በ12 ቀን ገደማ፣ 22 ከሆነ በ18 ቀን ተኩል፣ 20 ከሆነ በ28 ቀን፣ 18 ከሆነ ደግሞ በ56 ቀን ገደማ ይፈጸማል ማለት ነው። ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ብርድን ይበልጥ ይችላል፤ የእርሱ መነሻ 14 ዲግሪ ተኩል፣ ድምሩም 105 ነው። ስለሆነም በ18 ዲግሪ ላይ ፋልሲፓረም 56 ቀን ሲፈልግ ለቫይቫክስ 30 ቀን ይበቃዋል። በላቦራቶሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ባልደረባችን ቫይቫክስ ወደ ከፍታው ለምን እንደሚዘልቅ ቢጠይቅ መልሱ በከፊል እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ትንኟ ያን ያህል ቀን ትኖራለች ወይ? ጆርጅ ማክዶናልድ በ1950ዎቹ ዓመታት የወባን ስርጭት በሒሳብ ሲተነትን የጉዳዩ ማጠፊያ የትንኟ ዕድሜ መሆኑን አሳየ። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ቀን ደም የጠጡ 1,000 ትንኞች አሉ፤ ከእነርሱም በየቀኑ ከአሥሩ አንዷ ትሞታለች እንበል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢሆን ተሕዋሱ በስሎ እስኪያልቅ 280 ያህሉ በሕይወት ይቆያሉ። በ22 ዲግሪ 140 ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 50 ገደማ ይተርፋሉ። በ18 ዲግሪ ግን ሦስት እንኳ መትረፋቸው ያጠራጥራል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከ20 ወደ 22 ዲግሪ ከፍ ማለት ሰው ጋቢውን የማይጥልበት ልዩነት ነው። ለወባ ግን በሽታ አስተላላፊ ለመሆን የሚበቁትን ትንኞች ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ ያስጠጋል፤ ይህም የትንኟ እጭ በሞቀ ውኃ ውስጥ ፈጥኖ ማደጉ፣ ትንኟም ደሟን ቶሎ ፈጭታ ደጋግማ መንከሷ ሳይታሰብ ነው። የደጋ ቅዝቃዜ ትንኝን የሚያግድ ግንብ አልነበረም፤ ትንኝ በደጋም ትገኛለች። ድንበሩ በትንኟ ዕድሜና በተሕዋሱ እድገት መካከል የሚደረግ ሽቅድምድም ነው፤ ደጋው የዳነው ተሕዋሱ በሽቅድምድሙ በጥቂት ቀናት ሲሸነፍ በመኖሩ ነው። ሙቀት ሲበዛም በተቃራኒው ትንኟ ዕድሜዋ ያጥራል። ሞርዴካይና ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ለወባ ስርጭት እጅግ የሚመቸው ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ማሳየታቸው፣ የበረሃው ሐሩር ከሁሉ የከፋው የወባ አገር ነው የሚለውን የቆየ ግምት ያርማል።

ወይና ደጋ የተጠቃበት ዓመት

ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የሚለው ጥንታዊ አከፋፈላችን ቴርሞሜትር ሳይኖር የተሠራ የሙቀት ካርታ ነው። ገበሬው ድንበሩን ያሰመረው በሚበቅለው እህል፣ በሚረባው ከብትና በሚያገኘው በሽታ ነበር። በዘመናዊ ልኬት፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሲገለበጥ፣ ከወትሮው በሁለት ዲግሪ የሞቀ ወቅት የቆላን ጠርዝ ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ የገፋው ያህል ይቆጠራል። የ1958ቱ ወረርሽኝ ያጠቃው ከፍታ በአብዛኛው ወይና ደጋ የምንለው፣ ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል አገር ነው።

አጥኚዎቹ በዚያ ዓመት የዝናቡ መብዛትና መርዘም፣ ከወትሮው ከፍ ያለ ሙቀትና የአየር እርጥበት መገጣጠማቸውን መዝግበዋል። እያንዳንዱ ነገር የየራሱን ሥራ ሠራ። ዝናቡ ትንኝ የምትፈለፈልበትን ኩሬ አበዛ፤ እርጥበቱ የትንኟን ዕድሜ አራዘመ፤ ሙቀቱ የተሕዋሱን እድገት አፋጠነ። ሽቅድምድሙ ተገለበጠ።

ሟቹ ለምን ይህን ያህል በዛ ለሚለው ግን መልሱ በትንኟ ዘንድ ብቻ አይገኝም። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት ቆላ ሕፃናት ይሞታሉ፤ ተርፎ ያደገው ግን ከፊል የመከላከል አቅም ስለሚያዳብር አዋቂው ቢታመም እምብዛም አይሞትም። ደገኛው ይህ ስንቅ አልነበረውም። በዚህም የተነሣ በሽታው ሕፃን ከሽማግሌ ሳይለይ መታ። ጊዜውም አዝመራ የሚታጨድበት ነበር፤ አጫጁ በተኛበት ቤት የደረሰ እህል ማሳ ላይ ይቀራል። በዚያው ዓመት በትግራይ ረሃብ ገብቶ እንደነበርም ይታወቃል። በሽታና ረሃብ ተያይዘው ሲመጡ የትኛው ሰውየውን እንደገደለው ለመለየት ያስቸግራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈርስ በ1911 ባቀረበው ዘገባ፣ በ1908 በሕንድ ፑንጃብ ግዛት የደረሰውን ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሲመረምር በዝናብ መብዛትና በእህል መወደድ ላይ በአንድነት ማተኮሩ ይህንኑ ስለተረዳ ነው።

በመስክ የሚሠራ ባለሙያ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የሚቲዮሮሎጂ ጣቢያ የሚመዘግበው የውጭውን አየር ነው። ደም የጠጣች ትንኝ ግን ብዙ ጊዜ የምታርፈው በጎጆው ግድግዳና ጣሪያ ላይ ነው። ምድጃ በሚነድበት፣ ሰውና ከብት አብረው በሚያድሩበት ጎጆ ውስጥ ያለው የሌሊት ሙቀት ከደጁ በጥቂት ዲግሪዎች ይበልጣል። በወረቀት ላይ ለወባ የማይመች የሆነ መንደር በጎጆው ውስጥ ሊመች ይችላል።

ከወረርሽኙ በኋላ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ቤቶችን በዲዲቲ የመርጨት ሥራም ተስፋፋ። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ለሥራ ዕቅድ ሲባል ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ወባማ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከወባ ነጻ ተደርጎ ሲቆጠር ኖረ። መርጫና መድኃኒት ለማከፋፈል እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ይህን መንቀፍ አይቻልም። ሆኖም የ1958ቱ ወረርሽኝ 2,150 ሜትር ድረስ መዝለቁ እየታወቀ የዕቅድ ቁጥሩ በብዙዎቻችን አእምሮ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ መቀመጡ የሚያስተዛዝብ ነው።

ሁሉንም ለሙቀት መስጠትም አይገባም። የአኖፌለስ አራቢየንሲስ እጭ ከበቆሎ አበባ የሚረግፈውን ብናኝ ሲመገብ ፈጥኖና ገዝፎ እንደሚያድግ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2000 አሳትመዋል። በ2005 የታተመ ሌላ ጥናትም በጎጃም ቡሬ አካባቢ የበቆሎ እርሻ በተስፋፋባቸው ቦታዎች ወባ ይበልጥ መጽናቱን አሳይቷል። ገበሬው የተሻሻለ ዘር ሲዘራ ለትንኝ እጭ ቀለብ መስፈሩ እንደሆነ ማን ይጠረጥራል?

ቅማል፦ በልብስ ውስጥ ያለ ቆላ

ደጋ ከወባ ቢያድንም ከትኩሳት አያድንም። የአገራችን ደጋ ተስቦ (ታይፈስ) እና በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት የቆዩበት ምድር ነው፤ የሁለቱም ተሸካሚ የልብስ ቅማል ናት። ቅማል እንደ ትንኝ ሙቀት ወዳድ ብትሆንም የምትኖረው በውጭው አየር አይደለም። በቆዳና በልብስ መካከል 30 ዲግሪ ገደማ የሚሆን የራሷ ቆላ አላት። እንቁላሏን በልብሱ ስፌት ላይ ትጥላለች፤ የለባሹ ገላ እያሞቀው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። ውጭው በበረደ መጠን ሰው ልብስ ይደራርባል፤ ሌሊትም ሳያወልቅ ይተኛል፤ ገላውንና ልብሱን ማጠብ ይከብደዋል፤ በአንድ ጋቢም ለሁለት ለሦስት ይተኛል። የሚያገረሽ ትኩሳት በአዲስ አበባ በክረምት ወራት ሲበዛ የኖረው ቅማል ብርድ ስለምትወድ አይደለም፤ ብርድ ለእርሷ ሞቃት ቤት ስለሚሠራላት ነው።

የቅማልን ጥፋተኝነት ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ሻርል ኒኮል ነው። ቱኒስ ውስጥ በሆስፒታል ሲሠራ የተስቦ ታማሚዎች ከመግባታቸው በፊት ያስጠጓቸውን ሁሉ፣ ሲገቡ የሚቀበሏቸውን ሠራተኞችና ልብሳቸውን የሚያጥቡትን ጭምር ሲያሲዙ፣ ገላቸውን ታጥበው የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ከተኙ በኋላ ግን ማንንም እንደማያሲዙ አስተዋለ። በሽታው የቀረው በልብሱ ላይ ነበር። በ1909 በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ሙከራ አስተላላፊዋ ቅማል መሆኗን አሳየ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

ቅማል ለሙቀት ያላት ስሜት በሽታውን እንዴት እንደሚያስፋፋ ማየት ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። የለመደችው ሙቀት ሲዛባ ትሰደዳለች። ታማሚው በትኩሳት ሲነድ ገላው ለቅማሏ ይበዛባታል፤ ሲሞት ደግሞ ይቀዘቅዝባታል። በሁለቱም ጊዜ ትታው ወደ አጠገቡ ሰው ትሻገራለች። አጠገቡ ያለው አስታማሚው፣ ቤተሰቡ፣ ሬሳ ገናዡ ነው። በደማችን ውስጥ ተሕዋስን ለመዋጋት የሚነሣው ትኩሳት ተሸካሚዋን ወደ ቀጣዩ ሰው የሚያባርር መሆኑ በሕክምና ትምህርት ላይ በጥቂቱ የሚነሣ፣ በጦር ሰፈርና በእስር ቤት ግን በብዙ ሞት የተረጋገጠ ነገር ነው። በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ በኢትዮጵያ የወታደሮች ማቆያ ካምፖች የሚያገረሽ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው በሊቢያ በኩል አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ በሽታው ታየ፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ ሐኪሞች ከመጽሐፍ በቀር አይተውት አያውቁም ነበር። የጀርመንና የጣሊያን አየር በበሽታው ላይ ምንም አልለወጠም፤ ቅማሏ ቆላዋን ከስደተኛው ጋር ይዛ ሄዳለችና።

ድክመቷም ያው ሙቀት ነው። ከገላ የተለየች ቅማል ደም ስለማታገኝ ጥቂት ቀን ብቻ ትቆያለች። ልብስን ከ54 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ ማጠብ ወይም መቀቀል ቅማሏንም እንቁላሏንም ይገድላል። እናቶቻችን ልብስ ሲቀቅሉ የኖሩት ይህን ስሌት ሳይጠብቁ ነው።

እከክና የውኃ እጦት

የእከክ ተባይ ሳርኮፕተስ ከነፍሳት ወገን ሳትሆን ባለ ስምንት እግሮች ከሆኑት ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን ናት። እርሷም ከአየር ጠባይ ሸሽታ የምትኖረው በቆዳ ውስጥ በምትምሰው ጉድጓድ ነው። ከቆዳ ስትለይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ከወረደ መንቀሳቀስ ያቅታታል፤ በተራ የቤት አየርም ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ብዙም አትቆይም። ኬነዝ ሜላንቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ሼፊልድ ከተማ፣ በሕሊናቸው ምክንያት አንዘምትም ያሉ ፈቃደኞችን በእከክ ታማሚዎች የመኝታ ልብስ ውስጥ እያስተኛ ባደረገው ጥናት ጥቂቶቹ ብቻ እንደተያዙ አየ። እከክ በዋነኛነት የሚተላለፈው ገላ ለገላ በመነካካት ነው ወደሚለው ግንዛቤ የመጣነው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ አየር ጠባይ በእከክ ላይ ምን ሥልጣን አለው? በቀጥታ ጥቂት፣ በዙሪያ መንገድ ግን ብዙ። በ2015 እና በ2016 በኤል ኒኞ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ ወቅት በአማራና በትግራይ ክልሎች እከክ በብዛት ተስፋፍቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። ምንጭ ሲደርቅ የተገኘው ውኃ ለመጠጥ ይውላል፤ ለገላና ለልብስ የሚተርፍ የለም፤ ችግር ያፈናቀለው ሕዝብም ተፋፍጎ ይኖራል። ተባይዋ ድርቁን አላወቀችም። ያወቀው የተሸከማት ሰው ነው።

ስለ ሙቀት መጨመር የተነሣው ክርክር

ወደ ወባ እንመለስና፣ በ1990ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች በሽታው እንደገና ሲያንሰራራ በሊቃውንት መካከል ሞቅ ያለ ክርክር ተነሣ። ሄይና ባልደረቦቹ በ2002 በኬንያ የኬሪቾን የሻይ እርሻ ጨምሮ በአራት የደጋ ቦታዎች የአየር መረጃ መርምረው ጉልህ የሙቀት ጭማሪ አላገኘንም አሉ፤ መድኃኒት የተላመደውን ተሕዋስና የሕዝብ ዝውውርን ወደ መጠርጠርም ሄዱ። ፓስኳልና ባልደረቦቿ በ2006 በተራዘመ መረጃ ያንኑ ቦታ ዳግመኛ ሲመረምሩ ጭማሪው መኖሩን አሳዩ። ክርክሩን ወደ እኛ አገር ያመጣው የ2014ቱ ጥናት ነው። አሚር ሲራጅና ባልደረቦቹ በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገቡትን የወባ ታማሚዎች ከየቀበሌው ከፍታ ጋር አዛምደው፣ በሞቁ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ በቀዘቀዙት እንደሚወርድ አሳዩ። በኮሎምቢያ ደጋም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ሮዶና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚሁ የኢትዮጵያ ደጋ ከ2000 በኋላ የታየው የወባ መቀነስ የጀመረው የቁጥጥሩ ሥራ ከመጠናከሩ አስቀድሞ እንደሆነና የዓለም ሙቀት ጭማሪ ለጥቂት ዓመታት ከመዘግየቱ ጋር እንደገጠመ አመለከቱ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ አንድ እውነት ይዘዋል። ሙቀት በሩን ይከፍታል፤ የሚገባውን የሚወስኑት ግን መድኃኒቱ፣ አጎበሩ፣ የሕዝቡ ዝውውርና ሰላሙ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎች መመዝገባቸውን ሲያስታውቅ ከምክንያቶቹ አንዱን ብቻ መርጦ ማውገዝ አይቻልም ነበር። ደግሞም እነዚህ ሁሉ ጥናቶች ሊሠሩ የቻሉት በጤና ጣቢያዎች የየሳምንቱን ታማሚ ከነቀበሌው ሳይሰለቹ የጻፉ ስማቸው የማይታወቅ ባልደረቦቻችን በነበሩ ጊዜ ነው። መዝገቡ ከፍታን ባይዝ ኖሮ ማንም ወባ ሽቅብ መውጣቷን በቁጥር ሊያረጋግጥ አይችልም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ስሌት ያፈነገጠ አዲስ እንግዳም መጥቷል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሀር ተገኘች፤ ከዚያም በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ከተሞች መስፋፋቷ ታወቀ። የምትፈለፈለው በበርሜል፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ጋንና በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ውኃ በመሆኑ ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 በድሬዳዋ ዝናብ በሌለባቸው ወራት የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ ከበሽታው ጋር የተያያዘችው ይህችው ትንኝ ነበረች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚለው የወባ ወቅት አቆጣጠራችን የተሠራው ኩሬን ለምትጠብቅ ትንኝ ነው፤ የከተማው ሰው ውኃ በሳምንት አንዴ ስለምትመጣ የሚያጠራቅምበት በርሜል ግን በጥርም በየካቲትም ሙሉ ነው።